መቶ ሰማንያ አራተኛው ቀን

«የመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ቀኖች አያሳስቡኝም፤ ካናዳ ነው የነበረው። የሞቴሉ ደረሰኝ እጃችን ላይ ነው። አባትየው ከፈረሙልን ጨርሰናል።»

ጠበቃዋ ይህን በስልክ የምታወራው በሯን ገርበብ አድርጋ ነው። ኤላዲዮ ሲንትሮን ከበሩ ውጭ፣ በተቀመጡበት ቁጥር እየተነፈሰ በሚሰምጥ የቆዳ ወንበር ላይ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። አባትየው የተባለው እሱ ነው። ለዛሬ ብሎ ፂሙን ተላጭቶ፣ ሚስቱ ሚግዳሊያ የተቀበረች ዕለት የለበሰውን ጥቁር ኮት ደርቦ፣ ለመኪና ማቆሚያ አሥራ አራት ዶላር ከፍሎ ነው የመጣው። በቁርስ እህል ፋብሪካው ሥራ የጀመረ ሰሞን አሥራ አራት ዶላር ለማግኘት ግማሽ ቀን ጆንያ መሸከም ነበረበት። ፋብሪካው ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲነሣ የተጋገረው አጃ ሽታ እዚህ አምስተኛው ፎቅ ድረስ ይመጣል፤ ቡፋሎ ከተማ የተወለደ ሰው ሽታውን ልብ አይለውም፣ ኤላዲዮ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ለብሶት ስለኖረ ዛሬም ያውቀዋል። ካናዳ የሚለውን ቃል ሲሰማ ጆሮው ያሳሳተው መሰለው። ልጁ ያሚል በእነዚያ ቀኖች የነበረው ቴክሳስ ነው። ይህን ከኤላዲዮ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ ሲያላምጠው የኖረው ነገር እሱ ነውና።

ጠበቃዋ ወይዘሪት ኮስግሮቭ ትባላለች፤ የያሚል ሒሳብ ሠራተኞች ናቸው ያገኟት። እጁን ጨብጣ ወደ ውስጥ አስገባችው፣ ውሃ አቀረበችለት፣ ከዚያም ባለፈው በስልክ የነገረችውን እንደገና ከሥር ጀምራ አስረዳችው። ሕጉ አጭር ነው። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ቤት ያለው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ ሰማንያ ሦስት ቀን በላይ ግዛቲቱን ከረገጠ፣ ሌላ ቦታ ነው የምኖረው ቢልም ነዋሪ ነው ይባላል፤ የትም ያገኘውን ገቢ በሙሉ ይገበራል። ቀን ማለት ደግሞ ሙሉ ቀን አይደለም። ለአንድ ሰዓት ገብቶ የወጣም አንድ ቀን ተቆጠረበት። ያሚል በዚያ ዓመት ቴክሳስ ለሚገኝ የቤዝቦል ቡድን ኳስ ወርዋሪ ነበር፤ ቴክሳስ የገቢ ግብር የሚባል ነገር የላትም። ግን በሜይ የክንዱ ጅማት ተበጠሰና እናትና አባቱ ዘንድ መጥቶ ሲያገግም ከረመ፤ እነሱ የሚኖሩበት አፓርታማ የተገዛውም በእሱ ስም ነው። ስለዚህ የግብር ቢሮው አሁን ቀን በቀን እየቆጠረው ነው። እስከ ዲሴምበር ሃያ ድረስ ልክ መቶ ሰማንያ ሦስት ሞልቶታል። በመቶ ሰማንያ ሦስት ካቆመ ነፃ ነው። መቶ ሰማንያ አራት ከገባ አምስት መቶ ሰማንያ ሺህ ዶላር ይከፍላል፤ ወለዱና ቅጣቱ ሳይቆጠር። ኤላዲዮ ራሱን ነቀነቀ። ልጁ ደህና በነበረበት ዘመን በየሄደበት ከተማ ለተጫወተበት ቀን እየተሰላ፣ በአንድ ዓመት ለአሥራ አራት ግዛት ግብር መክፈሉን ያውቃል። «ኳሱን እነሱ ራሳቸው ለምን አይወረውሩም?» እያለች ሚግዳሊያ ትስቅ ነበር።

ወረቀቱ ሦስት ገጽ ነው። መነጽሩን አደረገና ቀስ ብሎ አነበበው። እኔ ኤላዲዮ ሲንትሮን የያሚል ሲንትሮን አባት፣ ልጄ ከዲሴምበር ሃያ አንድ እስከ ሠላሳ አንድ ድረስ የምኖርበትን ቤት እንዳልረገጠ አረጋግጣለሁ፤ ይላል። እዚህ ድረስ እውነት ነው። ቀጥሎ ግን በተጠቀሱት ቀናት ፎርት ኢሪ፣ ኦንታሪዮ በሚገኝ ሞቴል እንደነበር ከተያያዘው ደረሰኝ መረዳት ይቻላል፤ የሚል አለ። ፎርት ኢሪ ማለት ወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ ናት። ኤላዲዮ ጠዋት ጠዋት ቡናውን ይዞ ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ሲቆም የሚያየው የሷን ዛፎች ነው።

«ይሄ ስሕተት ነው» አለ። «ቴክሳስ ነበር። የክንዱ ሐኪም ጠርቶት።»

ወይዘሪት ኮስግሮቭ አየችው፤ ከዚያ ወረቀቱን አየች። ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ የሰበረ እንግዳ የሚያሳየውን ፊት አሳየች። «እርስዎ አያውቁም ነበር?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እናቱ የሞተችው ሃያ ዘጠኝ ነው።»

«አውቃለሁ፤ በጣም አዝናለሁ አቶ ሲንትሮን። እንዲህ ማለት ደስ አይለኝም፣ ግን ለጉዳያችን የሚረዳን እሱ ነው። እናቱ ስትሞት እንኳ ያልመጣን ሰው ነዋሪያችን ነው ብለው መከራከር ይከብዳቸዋል።»

ኤላዲዮ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ያሚል ከቀትር በኋላ ከቴክሳስ ይገባል፤ አሥር ሰዓት ላይ እዚሁ ለመገናኘት ተባብለዋል። ያን ጊዜ እፈርማለሁ አላት። ደረሰኙን ግን አንድ ቅጂ ስጪኝ አለና አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ኤላዲዮ ቤቱ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ መኪናውን መልሶ ወደ ድልድዩ አዞረ። ድልድዩ የሰላም ድልድይ ነው የሚባለው፤ ወደ ማዶ ለሚሻገር መኪና ያስከፍላል፤ ከፈለ። ከቤቱ እስከ ሞቴሉ ደጃፍ፣ የድንበር ጥያቄው ተጨምሮ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀበት። ሰዓቱን አይቶ ነበር የተነሣው። ሚግዳሊያ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት እሑድ እሑድ በስልክ ነው። ያሚል ስፓኒሽ ተናጋሪ ወላጆቹ ከአገራቸው ባመጡት ልማድ «ባርከኝ ፓፒ»፣ ባርከኝ አባዬ፣ ይላል፤ አባት «እግዜር ይባርክህ» ማለት ሲገባው ኤላዲዮ «እህ» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ስለ በረዶ ያወራሉ። ስለ ደም ግፊቱ ክኒን ያወራሉ። ክንዱ እንደ ቀድሞው ሳይሆን ቀርቶ ቡድኑ ያሰናበተው ጊዜ እንኳ ኤላዲዮ ከጋዜጣ አነበበ እንጂ አልተነገረውም፣ አልጠየቀምም።

ሞቴሉ አሥራ ሁለት በሮች ያሉት፣ ወንዙን ትይዩ የተኛ ረጅም ሕንጻ ነው። በመስኮቱ ላይ ዘጠና አራት የካናዳ ዶላር፣ የቤት እንስሳ አይፈቀድም ተብሎ ተጽፏል። ከመደርደሪያው ኋላ በሹራብ ላይ ሻርፕ የጣለች ሸምገል ያለች ሕንዳዊት ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ኤላዲዮ ክፍል እንደማይፈልግ ነገራትና ደረሰኙን ዘረጋላት። ሴትዮዋ ስሙን ሳይሆን ቀኑን አየች።

«ክንዱን ሁልጊዜ የሚያሻሸው ረጅሙ ልጅ» አለች። «ምንዎት ነው?»

«ልጄ ነው።»

ምስሩን ገፋ አደረገችው። «እናቴ ማዶ ታማለች አለኝ። ታዲያ ለምን አትሻገርም? ስለው ሕጉ አይፈቅድልኝም አለኝ። እኔ ሰው ገድሎ የሸሸ መስሎኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በሩን በሁለት ቁልፍ ነበር የምቆልፈው። በኋላ ሳየው ዝንብ የሚገድል ዓይነት አይደለም። እንቁላል በዳቦ ይበላል፣ ወንዙ ዳር ይቆማል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲጨላልም መኪናውን ከዚያ አጥር አጠገብ ያዞርና መብራቱን ያጠፋል፣ ያበራል። ሦስት ጊዜ። ምንድነው ይሄ? አልኩት። ለእናቴ ነው አለኝ። ወጥቼ አየሁ። ማዶ ካለው ሕንጻ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ትጠፋለች፣ ትበራለች።»

ኤላዲዮ መደርደሪያውን ያዘ። ሚግዳሊያ ከፈረንጆቹ ገና ሁለት ቀን በፊት ነው ውሃውን እያየሁ ልተኛ ብላ አልጋዋን ወደ መስኮቱ ያስጠጋችው። ያን ከባድ አልጋ ብቻውን ሲገፋ ወገቡን ታሞ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁልጊዜ ሾርባ አሙቅልኝ ትለው ነበር፤ ድስቱ ላይ እንዳያር ቆመህ አማስል ትለዋለች። ያሞቀውን ግን ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ትተወዋለች። አምሮቱ ነው፣ በሽታው ነው እያለ ኤላዲዮ ወጥ ቤት ቆሞ ያማስል ነበር።

«የመጨረሻው ቀንስ?» አላት። «ሃያ ዘጠኝ?»

«ቀትር ላይ ሻንጣውን ይዞ መጣና ሒሳቡን ዘጋ። ልሻገር ነው አለኝ። እሰይ አልኩት! ለእናትህ ስጣቸው ብዬ ሳምቡሳ ጠቀለልኩለት። አሥር ሰዓት ሲያልፍ ተመለሰ። ሳምቡሳው እንደተጠቀለለ እጁ ላይ ነው። ክፍሌን መልሺልኝ፣ እስከ ጃንዋሪ አንድ፤ አለኝ። ከዚያ በኋላ መብራቱን አላበራም።» ምስሩን መልሳ ወደ ራሷ ሳበችና «ሻይ ላፍላልዎት?» አለችው።

አመስግኗት ወጣ። አጥሩ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ወንዙ በዚህ ቦታ ይጠባል፤ ውሃው በፍጥነት ነው የሚወርደው፣ የበረዶ ቁራጭ ይዟል። ማዶ ላይ ፎቆቹን ከታች ወደ ላይ ቆጠረ። ሰባተኛው ላይ፣ ከግራ ሁለተኛው፣ የራሱ መስኮት ነው። መጋረጃው መታጠብ እንዳለበት ከዚህ ድረስ ይታያል። ሚግዳሊያ የሞተች ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ደውሎ «ናልኝ፣ እየሄደችብኝ ነው» ብሎት ነበር። ያሚልም «ፓፒ፣ የበዓል ሰሞን ነው፣ አውሮፕላኑ ሁሉ ሞልቷል» አለው። ያኔ ኤላዲዮ የሰማው ድምፅ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር የመጣ መስሎት ለልጁ አዝኖለት ነበር። የተናደደው በኋላ፣ ሌላ ሰው ቢሆን በእግሩም ይመጣ ነበር ብሎ ማሰብ ሲጀምር ነው። በእግር፣ ከዚህ፣ በድልድዩ፣ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ሲመለስ የድንበር ጠባቂዋ ወጣት መታወቂያውን እያየች ለምን ሄደው ነበር? አለችው።

«ልጄን ፍለጋ።»

«አገኙት?»

«ቀድሞ ሄዷል» አለ። አሳለፈችው።

ያሚል ጠበቃዋ ቢሮ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሆዱ ትንሽ ገፋ ብሏል፣ ጺሙ ውስጥ ነጭ ገብቷል። አባቱ ሲገባ ብድግ ብሎ «ባርከኝ ፓፒ» አለ። ኤላዲዮ አልመለሰለትም። ወይዘሪት ኮስግሮቭን ለጥቂት ደቂቃ ብቻችንን ተይን አላት። ሴትየዋ ብልህ ናት፤ ስልኳን ይዛ ወጣች፣ በሩንም በዚህ ጊዜ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

«ፎርት ኢሪ ነበርኩ» አለ ኤላዲዮ።

ያሚል ቁጭ አለ። ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ያዘ፣ አሻሸው። ከታች አውቶቡስ ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ኤላዲዮ ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀው ስድብ ነበረው፤ ገላውን ሲታጠብ፣ ሩዝ ሲቀቅል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተንበርክኮ ሳይቀር የደገመው። አሁን ቢፈልገው አጣው።

«እሷ ናት ያለችኝ» አለ ያሚል በመጨረሻ። «አትሻገር አለችኝ። ‹የክንድህን ዋጋ ለአልባኒ ግብር ሰብሳቢዎች አትሰጥም። ሌላ ኮንትራት አታገኝም፣ ይሄ የመጨረሻህ ነው። እኔ እስከ ጃንዋሪ የትም አልሄድም› አለችኝ። ለአንተ እንዳልነግርህ አስማለችኝ። ‹አባትህ ከሰማ ዋኝቶ ሄዶ በጆሮህ ጎትቶ ያመጣሃል› አለች።»

«አመጣህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እሺ እሷ አለች። ያን ቀን ግን እኔ ነበርኩ የደወልኩልህ። ናልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ።»

ያሚል ጠረጴዛውን እያየ ነበር የሚናገረው። «ድልድዩ አፍ ድረስ ሄድኩ። መኪናዋን ዳር አቆምኩና ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ገንዘቡ አይደለም... እሺ፣ መጀመሪያ ገንዘቡም ነው፤ አልዋሽህም። በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። እስከ ጃንዋሪ ትጠብቀኛለች፣ ቃሏን ታውቃለህ፣ ከተሻገርኩ ግን የምትጠብቀው ነገር አይቀራትም፤ ስሻገር ነው የምትሞተው ብዬ አመንኩ። እንደ እብድ። የሞተሩን ቁልፍ አዞራለሁ፣ መልሼ አጠፋለሁ። ከዚያ አንተ ደወልክ፣ አበቃ አልከኝ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልመጣህም?»

«ምን ፊት ይዤ?» አለ ያሚል። «በሃያ ደቂቃ ውስጥ በሩን ባንኳኳ ኖሮ የት እንደነበርኩ ታውቅ አልነበር?»

ኤላዲዮ ይህን አላሰበውም ነበር። በጃንዋሪ አንድ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ሲቆም ያሚል የመጀመሪያውን አውሮፕላን ይዤ መጣሁ ብሎት ነበር፤ ሚግዳሊያ ገና ሳትቀበር አስከሬን ማቆያ ቤት ውስጥ ተገንዛ ነበር። ልጁን አቅፎ ሳያለቅስ፣ ቡና ቀዝቅዟል ላሙቅልህ ብሎ ነበር ወደ ወጥ ቤት የገባው።

ጸሐፊዋ ገባች፤ የምታስምለው እሷ ናት። ወይዘሪት ኮስግሮቭም ተከትላ ገባችና ከግድግዳው አጠገብ ቆመች። ጸሐፊዋ ቀኝ እጅዎን ያንሡ አለችው፤ አነሣ። በዚህ ወረቀት ላይ የሰፈረው ሁሉ እርስዎ እስከሚያውቁት ድረስ እውነት መሆኑን በመሐላ ያረጋግጣሉ? ብላ ጠየቀችው።

«እውነት ነው» አለ ኤላዲዮ። «እናቱ ስትሞት ልጄ አልነበረም።»

«ብቻ ‹አዎ› ካሉ ይበቃል ጌታዬ» አለች ጸሐፊዋ በለሆሳስ።

«አዎ።»

ፈረመ። ሦስቱም ገጾች ላይ የስሙን መጀመሪያ ፊደላት አኖረ፣ ቀኑን ጻፈ። ማኅተሙ ሲያርፍ ያሚል ፊቱን ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው አዙሮ ነበር። ወይዘሪት ኮስግሮቭ እጃቸውን እየጨበጠች በጣም ጥሩ አቋም ላይ ነን አለች፤ ኤላዲዮ ቆቡን አነሣ።

ኤላዲዮ ነው የነዳው። ያሚል ጉልበቱ ከመኪናው ኪስ ጋር እየተጋጨ ጎኑ ተቀመጠ። ናያጋራ ጎዳና ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት መንገዱ ይዘጋል፤ በዳቦ ቤቱ፣ በፀጉር ማስተካከያው፣ ያሚል በስድስት ዓመቱ መስኮቱን በኳስ በሰበረው የልብስ ማጠቢያ ቤት በኩል እየተንፏቀቁ አለፉ። አባትየው ዛሬ ማታ ትመለሳለህ? አለው። ያሚል አልመለስም፣ የፈለግኸውን ያህል እቀመጣለሁ አለ፤ አሁን ደመወዝ ስለሌለኝ ቀን የሚቆጥርብኝ ሰው የለም። ኤላዲዮ ሩዝ እንዳለ፣ የትላንት የአሳማ ሥጋም እንዳለ ነገረው። ያሚል ጥሩ ነው አለ። የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሆኖ ቆሙ።

«ፓፒ» አለ ያሚል። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን... ጠርታኝ ነበር?»

ኤላዲዮ ፊት ለፊቱን እያየ «አልጠራችህም» አለ። «ተኝታ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አልነቃችም። በእንቅልፏ ነው የሄደችው።»

ያሚል ፊቱን ወደ ጎን መስኮት መለሰ። ትከሻው ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠና ቀስ እያለ ረገበ። ከስንት ዓመት በኋላ የተነፈሰ ይመስል መስታወቱ በትንፋሹ ጉም ለበሰ። ኤላዲዮ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ነበር። ያን ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ፣ ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ፣ ድምጿ ከተዘጋም በኋላ በከንፈሯ ብቻ፣ ያሚል ያሚል እያለች ነበር የዋለችው። አንድ ጊዜ ዓይኗን ገልጣ «መጣ?» አለችው። እጇን ይዞ «መንገድ ላይ ነው» አላት። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ሲያንባርቅበት ነው ኤላዲዮ መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን ያየው።